መዲና የተባልኩበት ምክንያት

አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ስሜ ግን መዲና ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ሰምቶ የሚደነቅ የለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው አንዴ ማተቤን፣ አንዴ ፊቴን እያየ «ሰልመሽ ነው ወይስ ከእስልምና ወጥተሽ?» ይለኛል። ሁለቱም አይደለም፣ ደግሞስ ምን አገባህ ብዬ አልፈዋለሁ።

ስሙ ነቢዩ ተሰደው የኖሩባት፣ የተቀበሩባትም ከተማ ስም ነው። የቃሉም ፍቺ ከተማ ማለት ነው ይላሉ። በልጅነቴ ሰኞ ገበያ መሀል አንድ ሰው «መዲና!» ብሎ ቢጣራ ግማሹ ሴት ዞር ይል ነበር። ዛሬ ብትጣሩ የምንዞረው ጉልበታችንን የሚያመን ብቻ ነን። የሰፈሬ ሕፃናት ስም ሁሉ ከቴሌቪዥን የወረደ ነው፤ ግማሹን ለመጥራት ምላሴ እምቢ ይለኛል።

እኔ ስሙን ያገኘሁት በሞት ምክንያት ነው። እናቴ ልጅ አይበረክትላትም ነበር። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ዳዴ ሳይሉ አለቁ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለች ክርስቲያን ስትወልድ ልጇን ለሙስሊም ጎረቤቷ ትሰጣለች፤ ሙስሊሟም እንደዚያው ለክርስቲያኗ። ጎረቤቲቱ ሕፃኑን ቤቷ ወስዳ የራሷን ወገን ስም ታወጣለታለች፤ እናት ደግሞ ትንሽ እህል ሰጥታ ልጇን መልሳ «ትገዛለች»። ሞት የእናትየዋን ልጅ ፍለጋ ሲመጣ የሌላ ሰው ልጅ ያገኝና አፍሮ ይመለሳል። እናቴ እኔን የገዛችኝ በአንድ ቁና ሽንብራ ነው። ተረፍኩ። እስክትሞት ድረስ «ስሟ ነው ያተረፈልኝ» እያለች ኖረች፤ እኔም አምን ነበር።

ኮምቦልቻ ያገባችው ልጄ ሁለት ሕፃናት ቀብራ ሦስተኛዋን ስትወልድ ምን እንዳሰብኩ መቼም ግልጽ ነው። ለእኔ ስም ያወጡልኝ ጎረቤታችን ዛሬም ደሴ በሕይወት አሉ። «ልጂቱን ልውሰዳትና ስም ያውጡላት» አልኳት።

ልጄ ሳቀች። «ኧረ ተይ እማዬ፣ በዚህ ዘመን? ደግሞ መዲና ቢሏትስ? የአሮጊት ስም!»

ከስልኳ የመረጠችውን ስም አወጣችላት። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ሐኪሙ ከተፈጠረች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረ አለ።

ልጄ ግን ሐኪሙን አልሰማችም። ከቀብሩ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሺ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር።» እህል እምቢ አለች፤ ውሃም በልመና ሆነ። ኧረ እንደሱ አይደለም ልላት እፈልጋለሁ፤ ግን በየት አፌ? ስሜ አተረፈኝ ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ልጄም ልጇን ልትከተል ነው ብዬ ፈራሁ።

ደሴ ወጥቼ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በድምፄ ለዩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ወላሂ፣ ስም አያተርፍም። መዲና የበኩር ልጄ ነበረች። እናትሽ እዚህ ሰፈር ሳትገባ ኩፍኝ ወሰደብኝ።»

«ታዲያ የሞተች ልጅ ስም ለምን ሰጡኝ?»

«አፌ ለምዶት ነበር። ያን ስም ጠርቼ አቤት የሚለኝ አጣሁ። እናትሽ ስታመጣሽ ለአንቺ አላሰብኩም፤ ለራሴ ነው። አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ግን እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ላላየኋት ልጅ ይሁን ለራሴ ሳላውቅ አዘንኩ።

ለልጄ ሳልቀንስ ነገርኳት። ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ታዲያ አንቺን ምን አተረፈሽ?» አለችኝ።

እናቴ ብትሰማኝ ታዝንብኛለች፤ ቢሆንም ልጄን ከማጣት ይሻላል። «ምንም» አልኳት። «እንዲሁ ነው የተረፍኩት። ያንቺዋም እንዲሁ ነው የሞተችብሽ፤ አንቺ ያጠፋሽው የለም።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም የማላውቃትን መዲናን ጨምሬ አብሬያት አለቀስኩ።