በፈለቀች ዓይን ውስጥ የተተፋው ቅጠል

ፈለቀች ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ሾፌርና ነጋዴ ያደረበትን አንሶላ ለዓመታት ስታጥብ ትውከትም ደምም አይታለች፤ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። የኤችአይቪ መድኃኒቷንም ሳታማርር ስትውጥ ኖራለች። እህቷ ሃይማኖት ከካራቆሬ መጥታ አብራት መኖር ስትጀምር ግን እንዳታይባት ብላ አንዱን ቀን ስትውጥ ሌላውን ስትተው ከረመች።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን በቀኝ በኩል ግንባሯን ያቃጥላት ጀመር። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እስከ ዓይኗ ቆብ ወረደ፤ ዓይኗም አብጦ ብርሃን ማየት አቃታት። የዚያን ዕለት ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት።

"ጤና ጣቢያ ልሂድ" አለች።

"አገር ሁሉ ሊያውቅብሽ?" አለች ሃይማኖት። "ይኼ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ መርፌ አይወድም። እዚህ ቅርብ፣ ጀውሃ ላይ የሚያክም ሰው አለ።"

ሰውየው የሚያክመው ከከብቶች በረት ጎን ነበር፤ ዝንቡ አያስቆምም። ቅጠል አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አላመጠ። ከዚያ የፈለቀችን ራስ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ ዓይኗን በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ ተፋበት። ሞቃቱ ምራቅ በጉንጯ ወርዶ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። እዚያው አስመለሳት።

"አያችሁ፣ በሽታው ሲወጣ!" አለ ሰውየው፣ አፉን በእጁ መዳፍ እየጠረገ።

ቤት ሲመለሱ ፈለቀች ውሃ ልትጠጣ ብትል ኩባያዋ ቦታው የለም። ሃይማኖት ለብቻው ለይታ በር ሥር አስቀምጣዋለች።

"የዚያ ሰውዬ ምራቅ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አልቀፈፈሽም" አለቻት ፈለቀች፤ "የኔ ኩባያ ነው የቀፈፈሽ?"

"ለጥንቃቄ ነው" ብላ ሃይማኖት ፊቷን አዞረች።

ዓይኗ መግል ሲይዝ ፈለቀች ማንንም ሳታማክር ባጃጅ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እነሱም ደብረ ብርሃን ላኳት። የዓይን ሐኪሟ ናርዶስ አገላብጣ አየቻት።

"መድኃኒቱን ስታቆራርጪ ሰውነትሽ ተዳከመ፤ አልማዝ ባለጭራው ዓይንሽ ድረስ ገባ። ቅጠሉ ደግሞ አመረቀዘው። ሽፍታው እንደጀመረሽ ብትመጪ ኖሮ ዓይንሽን እናተርፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።"

መግሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ለወራት አልለቀቃትም። ቀኝ ዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል፤ አሁን በሱ የምታየው ጥላ ብቻ ነው።

ሃይማኖት ልታጽናናት፣ "ምን ይደረግ፣ እግዜር ያመጣው ነው" አለቻት።

"እግዜርን ተይው" አለች ፈለቀች። "እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ።"

በማግስቱ ሃይማኖት ጓዟን ሸክፋ ወደ ካራቆሬ ተመለሰች። ፈለቀች አልሸኘቻትም። መድኃኒቷን አሁን የምትውጠው ሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ ሰው እያየ ነው።