የብርቱካኑ ፕሮቫ

የሰፈሩ ሰው አባ ሜትር ይለዋል። ሙያው ልብስ ስፌት ስለሆነ ብቻ አይደለም ስሙ የወጣለት፤ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ገላውን ሲታጠብ ነው፣ እሱንም ባለቤቱ ናት የምትመሰክረው። ሠርግ ቤት ከከረባቱ ጎን ተንጠልጥሎ ታይቷል። አንድ ጊዜ ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ገና ከሰመመኑ እንደነቃ ለነርሶቹ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «አንሶላው ስምንት ሳንቲም ያንሳል» የሚል ነበር ይባላል። ሲያነሱበት አይክድም። «ያንስ ነበራ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

አርባ አንድ ዓመት የሰፋው በአንድ መስኮት ሥር ነው። በቤቱ የፊት ክፍል የስፌት መኪናው ወደ መስኮቱ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል፤ በስተግራው የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ በስተቀኙ የሱፍና የገበር ቁርጥራጭ የታጨቀበት መደርደሪያ፣ ከጀርባው ቀጠሮ ያለፈባቸው ልብሶች የተሰቀሉበት ሽቦ። ከመስኮቱ ውጭ፣ ሲሚንቶ በለበሰው ጠባብ ግቢ መሐል፣ አንድ የዛገ የውሃ ታንከር ለዓመታት ተጎልቶ ኖሯል። ባለፈው ወር ታንከሩ ተነሥቶ ሲሄድ ከሥሩ አንዲት ክብ አፈር ቀረች። በግቢው ውስጥ ሥር የሚይዝባት መሬት እሷ ብቻ ናት፤ ስፋቷም አንድ አልጋ ቢያዘረጋ ነው።

«ብርቱካን» አለች ባለቤቱ፣ ታንከሩን የጫነው መኪና ከበር ሳይወጣ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ጡረተኛ መምህርት ናት፤ ስትናገር ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ያህል ነው።

«ጽጌረዳ» አለ አባ ሜትር።

ዞር ብላ አየችው። «አንተ? አንተ ጽጌረዳ ከጎመን ትለያለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አበባ ይዘህልኝ መጥተህ ታውቃለህ?»

«ያንን አበባ አበባ ያለበትን ጨርቅ ማን አመጣልሽ?»

«እሱማ መጋረጃ ሆነ።»

ክርክሩ እንዲህ በቀልድ ተጀምሮ ሳምንት ቆየ። እሷ ብርቱካኑን ታሞግሳለች፦ ጥላ አለው፣ ፍሬ አለው፣ አበባም ቢሆን ያብባል፣ ሽታው ደግሞ ቤት ድረስ ይገባል። እሱ ጽጌረዳውን ይዟል፦ ከተተከለ በወራት ያብባል፣ ከወገብ አይበልጥም፣ ግቢውን አያጨናንቅም። «የብርቱካን ፍሬ ለማየት አራት ዓመት» ይላል። «እስከዚያ ድረስ እንጨት ስናጠጣ ልንኖር ነው?»

«ጽጌረዳህንስ ሲያብብ ምን እናደርገዋለን? ልጠን እንበላዋለን?»

አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን አባ ሜትር ሆዱ ውስጥ የነበረውን አወጣው። «ብርቱካኑ መስኮቴን ይጋርደዋል» አለ። «ያለ ብርሃን እንዴት ነው የምሠራው?»

እሷም ሳታስበው «እስኪጋርደው ድረስ እኮ አንተም ታቆማለህ» አለች።

ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። እሷም ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች፤ ውሃ ልትቀዳለት ተነሣች፣ ብርጭቆው ግን ሙሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ዛፍም ስለ አበባም ያነሣ የለም። ለአባ ሜትር ነገሩ መልኩን ለወጠ። ብርቱካኑን እሺ ማለት፣ በአራት ዓመት ውስጥ መቀሱን አስቀምጣለሁ ብሎ መፈረም ሆነበት። ከመቀሱ ወዲያ ደግሞ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ጠዋት ተነሥቶ እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ፣ የት ይቀመጣል?

እንዲህ ግራ ሲገባው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፕሮቫ። ልብስ ከመጠናቀቁ በፊት በነጭ ክር ይያያዝና ደንበኛው ለብሶት ይታያል፤ የሚጠበው ይሰፋል፣ የሚረዝመው ያጥራል። የቸኮለ ደንበኛ «ግዴለም ጋሼ፣ እንዳለ ይጨርሱት» ሲለው ፍንክች አይልም። ታዲያ ለኮት የተደረገው ለዛፍ ለምን ይቀራል?

ችግኝ ወደሚሸጠው ሰው ደወለ።

«ብርቱካን በአራት ዓመቱ ቁመቱ ስንት ይሆናል?»

«እንደ አያያዙ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል በለው።»

«ደረቱስ?»

«የማን ደረት?»

«የብርቱካኑ።»

«ሁለት ሜትር ይሞላል» አለ ሰውየው። አባ ሜትርም አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ «መጣሁ» ብላ ብቻ ወጣች፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። እግሯ እንደወጣ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አምጥቶ ክቧ አፈር ላይ ተከለና፣ ከመደርደሪያው ያወጣውን ጥቁር ገበር ቁመቱንም ወርዱንም ለክቶ ቆርጦ በመሐላቸው ወጠረ። የአራት ዓመት ብርቱካን ቆመ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በበሩ ገባ።

«ምነው? ማን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ማን ምን ሆነ?»

«ጥቁር ጨርቅ አይቼ ነዋ።»

«ማንም ምንም አልሆነም። ዛፍ እየለካሁ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አየ፣ አባ ሜትርን አየ፣ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «አንተ ሰው፣ ልቤን ሰቀልከው እኮ። ሌላ ቀለም አጥተህ ነው?»

«የተረፈኝ ገበር ይሄ ነው።»

«በል እሺ» አለ እየወጣ። «እጅጌው ከረዘመብህ ጥራኝ፣ ቆርጬ አስተካክልልሃለሁ።»

አባ ሜትር መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ጥላው እንዳሰበው ጠረጴዛውን አልብሶታል። ጫፉ የደረሰበትን በጠመኔ አሰመረና አንዲት ነርስ እንዲያሳጥርላት የሰጠችውን ነጭ ጋውን አነሣ። የጋውኑ አንደኛው እጅጌ ተዘምዝሟል፤ ሌላው ይቀራል። እጁን ወደ መርፌ መሰኪያዋ ትራስ ሰደደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ባለቤቱ በየጠዋቱ፣ ክፍሉን ስትጠርግ፣ ሰባት መርፌ ላይ ክር አስገብታ ትራሷ ላይ ትሰካለታለች። አንድም ቀን ስለዚህ አላነሣችም። እሱም አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ ንጹሕ ቤት የምትወድ ሴት ናት ብሎ አልፎታል። ዛሬ ግን ስለቸኮለች መርፌዎቹ ባዷቸውን ነበሩ።

ነጩን ክር ቆረጠ፣ ጫፉን በምራቁ አርጥቦ አሾለ፣ ወደ መርፌው ዓይን ላከው። ሳተ። ደገመው፣ ሳተ። ጥቁሩ ጨርቅ ከኋላው ሆኖ የመርፌውን ዓይን ያጎላው እንደሆነ ብሎ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሞከረ፤ ሳተ። ከዚያ ደስ አለው። ይኸው ማስረጃው። አራት ዓመት የሞላው ብርቱካን ከፊቱ ቆሞ፣ አንድ ክር እንኳ ማስገባት አላስቻለውም። ስትመጣ የሚናገረውን በአፉ እያመላለሰ፣ ማስረጃው እንዲሟላ ጥላው እስኪሄድ ጠበቀ።

አራት ሰዓት ሲሆን ጥላው ከጠረጴዛው ወርዶ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ፀሐዩ ጋውኑ ላይ ወለል ብሎ በራ። አባ ሜትር ክሩን አዲስ ቆረጠ፣ አሾለ፣ ላከ።

ሳተ።

መነጽሩን ጠርጎ ሞከረ። ወፍራም መርፌ ለውጦ ሞከረ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ቁጥሩ ሲጠፋበት መርፌውን አስቀመጠው። በጥላም በብርሃንም አንድ ነው። ብርቱካኑ የወሰደበት ነገር የለም።

እጁን ምን ያድርገው? ሳያስበው የጋውኑን የተዘመዘመ እጅጌ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ገና እንደ ጥንቱ ነው፣ አይሳሳትም። ስፌቱ ትናንሽ ነው፣ እኩል ነው፣ ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የእሱ ስፌት አዘንብሎ አያውቅም። ተነሥቶ ከሽቦው ላይ ሱሪ አወረደ፣ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ያው። ሌላ አወረደ፤ ያው። እሱ የዘመዘመው ተፈትቶ በሌላ እጅ ተዘምዝሟል። ይህን አዘምዛዘም ያውቀዋል፤ በተጋቡ በዓመታቸው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተምራት «ወደ ቀኝ አታዘንቢው» እያለ የተቆጣበት ነው።

ስትመለስ በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው በፕላስቲክ ከረጢት የተተከለ ችግኝ ይዛለች። ጥቁሩን ጨርቅ ስታይ ክው አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርቱካንሽ ነው። አንቺስ የያዝሽው?»

ችግኙን ከጀርባዋ ልትደብቀው ቃጣት፤ ከዚያ ተወችው። «የኔም ብርቱካን ነው። መቆጣት ከፈለግህ ተቆጣ፣ አልመልሰውም። ስድስት ቀን ኩርፊያህን ቻልኩ፣ ሰባተኛውንም እችላለሁ።»

አባ ሜትር ጋውኑን አነሣ። «ይሄን እጅጌ ማን ዘመዘመው?»

ቦርሳዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስፌትሽ ዛሬም ያዘነብላል» አለ።

«ያንተን ያህል አይደለም።»

ሁለቱም እኩል ሊስቁ ምንም አልቀራቸው፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደንበኛ ሲመልስብህ ማየት አልፈለግሁም» አለች። «ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

«አውቃለሁ።» መርፌውን ከነክሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «አራት ዓመት እንኳ አይፈጅም።»

«ምኑ?»

«መርፌው። ዛሬ አቆምኩት። መቁረጡን ግን አልሰጥሽም። መቁረጥ በጣትና በሜትር ነው፣ ፕሮቫም በጣት ነው። እሱን ይዤ እኖራለሁ። መዘምዘሙን አንቺ፣ እንደ ዛሬው በድብቅ ሳይሆን በግልጽ።»

በመጀመሪያው ሙከራ ክሩን አስገባችና መርፌውን ትራሷ ላይ ሰካችው።

ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱን ሊቆፍሩ ወጡ። አባ ሜትር እንጨቶቹን ነቅሎ ጨርቁን ካጣጠፈ በኋላ በጠመኔ ካሰመረው ጋር አስተያየ። «ወደ ግራ ሠላሳ ሳንቲም ይጠጋ» አለ። «እዚህ ላይ ይጠበኛል፤ ጥላው መቁረጫዬ ላይ ያርፋል።»

«ፕሮቫው ይኸው ወጣ» አለች፣ ዶማውን ወዳሳያት ቦታ እየጎተተች። ጽጌረዳ ያለ ግን ከሁለቱም አልነበረም።

ተክለው ካጠጡ በኋላ አባ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተንበረከከ፤ ችግኙን ከአፈሩ እስከ ጫፉ ለካ። ገብቶም የደንበኞች ልኬት የሚጻፍበትን ደብተር ገለጠና፣ ከነርሷ በታች በትልልቁ «ብርቱካን» ብሎ ጻፈ፤ ቁመት ስልሳ ሁለት፤ ደረት ገና። ቀጠሮ በሚለው ዓምድ ላይ ጥቂት አሰበና «ከአራት ዓመት በኋላ» ብሎ ሞላው።

ባለቤቱ በትከሻው በኩል አነበበችው። «አንተ ደግሞ» አለች፣ «በቀጠሮህ አድርሰህ ታውቃለህ?»