በጠፍር አልጋ ላይ የተኛው መስታወት

ቴሌስኮፕ ለመሥራት ትዕግሥት እንጂ ትምህርት ቤት እንደማያስፈልግ ለቤተሰቤ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። ቤተሰቤም ደጋግሞ ሰምቶኛል፤ ምርጫ አልነበረውም። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ የቀረውን በስልኬ እያየሁ ነው የለመድኩት። ትሪ የሚያህል ወፍራም መስታወት ከዳንግላ በሚኒባስ ጭኜ እንጅባራ አስገባሁ። እዚያው ዳንግላ ፊዚክስ ከምታስተምረው ልጄ ጋር ክረምቱን ሙሉ በሻካራ ዱቄት እያሸን ፊቱን አጎደጎድነው፤ ከዚያም ብርሃን እንዲመልስ ስስ የብር ሽፋን አለበስነው። እሷ የዓመት እረፍቷን ሰጠች፣ እኔ ምክር ሰጠሁ።

መስታወት ሲሰፋ በራሱ ክብደት ይለምጣል። ልምጠቱ በዓይን አይታይም፤ ኮከብን ለማበላሸት ግን ይበቃል። ይህን አንብቤ ስለነበር ጥሩ መኝታ አሰብኩለት፤ ለመኝታ ደግሞ ከጠፍር አልጋ የሚበልጥ አላውቅም። የእንግዳ አልጋችንን ጠፍር ፈትቼ በእንጨት ክፈፍ ላይ እንደ ከበሮ ወጠርኩትና መስታወቱን አስተኛሁበት። በዙሪያው ያሉትን መያዣዎችም ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩ። የላላ ነገር አልወድም፤ ልጆቼ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ባለቤቴ ባዶውን አልጋ አይታ፣ "ጥሩ ነው፤ እንግዳው መሬት፣ መስታወቱ አልጋ ላይ ይተኛ" አለች።

መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ ምሽት ሰማዩ ተከፈተ። መጀመሪያ ቴሌስኮፑን ኮረብታው ላይ ወዳለው የኔትወርክ ማማ አዞርነው፤ ቀይ መብራቱ ጥርት ብሎ ታየ። ቀና አድርገን አናታችን ላይ ያለውን ኮከብ ስናይ ግን የፈሰሰ ወተት ነበር። ፍርዴን ለመስጠት አልዘገየሁም፦ መስታወቱ በደንብ አልታሸም፣ ሰኞ ብሩ ይታጠባል፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማጠቢያውን አሲድ በጠርሙስ አምጥቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ስሕተታቸውን ስለሚያባብሉ ሰዎችም ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። የክረምት ድካሟ ሊታጠብ የተፈረደበት ልጄ ንግግሩን ቆማ አስጨረሰችኝና ቴሌስኮፑን ወደ ማማው መለሰችው።

"አባባ፣ እንደገና ይዩት።"

አየሁት፤ አሁንም ጥርት ያለ ነው።

"ጥፋቱ የመስታወቱ ቢሆን ማማውንም ባበላሸው ነበር" አለች። "የሚያስቸግረው ወደ ሰማይ ስናቀናው መስታወቱ ሲንጋለል ነው፤ ያኔ ነው ክብደቱ ሁሉ መኝታው ላይ የሚያርፈው።"

እጇን ከኋላ አስገብታ ጠፍሩን ዳሰሰችና የእኔንም እጅ ወስዳ አስዳሰሰችኝ። ረግቧል። ጠፍር እርጥበት ሲነካው እንደሚረግብ፣ የእንጅባራ ጉም ደግሞ ቤት ድረስ ገብቶ እንደሚቀመጥ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔ ሊቁ ግን መጽሐፌ ላይ ስላልተጻፈ አላወቅሁም። ብሩን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳልነካው ለመነችኝ። ፊቴን እንዳጠቆርኩ እሺ አልኩ።

በወረቀት ሥላ የተወችልኝን ሳየው ቀንበር ነው። ሦስት ትንንሽ ቀንበሮች፣ እያንዳንዱ ወገቡ ላይ በአንድ ብሎን ተደግፎ የሚወዛወዝ፤ አንዱ ጫፍ ሲጫነው ሌላው እየተነሣ ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ። መስታወቱ በስድስቱ ጫፎች ላይ ይተኛል። ሳምንቱን እነሱን ስጠርብ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ መጥታ መስታወቱን አስቀመጥነው። እንደ ልማዴ መያዣዎቹን ላጠብቅ ስል የብሎን መፍቻውን ከእጄ ወሰደችና በመያዣውና በመስታወቱ መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ተወች።

"ይደገፍ እንጂ አይታነቅ፣ አባባ።"

ልጅ አሳዳጊ ስለሆንኩ ይህ አነጋገር መስታወቱን ብቻ እንደማይመለከት ገብቶኛል።

ሲመሽ ያንኑ ኮከብ ፈለግነው። የመርፌ ጫፍ አክሎ ቆሟል። ረጅም ጊዜ ካየሁት በኋላ "ደህና ነው" አልኩ፤ በእኛ ቤት ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ባለቤቴ "ይህን ለማየት ነው አልጋዬ የፈረሰው?" አለችና ዓይኗን ደቀነች፤ እስካሁን የምትነሣ አትመስልም።

ልጄ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ጠርሙስ አነሣች።

"ይህንን ላርቀው?"

"አርቂው" አልኳት።