ጎረቤት እንዳይሰማ

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሐይቅ በቀረበ ሰሞን ነው። ጎረቤት ለቅሶ ስለነበረ፣ ቤዝ ጊታሬን የምለማመደው ክፍሌን ከውስጥ በቁልፍ ቆልፌ፣ እህቴ ከጅዳ በላከችልኝ መዳፍ በምታክል መሣሪያ ነበር። ጊታሩን ስሰካባት የትልቅ አምፕሊፋየር ድምፅ ትሰጠኛለች፣ ድራምም ትመታልኛለች፤ በጆሮ ማዳመጫ ስለሆነ ከእኔ በቀር የሚሰማ የለም።

ያን ቀን ከሰዓት አምባሰል እየተጫወትኩ ሳለ፣ ከመሣሪያዋ ድራም ጋር የማይገጥም ድም ድም የሚል ነገር ደረቴን መታኝ። ወፍራሙን ድምፅ አብዝቼው ይሆናል ብዬ ቀነስኩት። አልተወኝም። ተናድጄ ማዳመጫውን ሳወልቅ ለካ መድፍ ኖሯል።

ስወጣ መንደሩ ጭር ብሏል። መራመድ የማይችሉት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ብቻ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ያረቢ! አንተ አለህ እንዴ?» አሉኝ።

«እማዬስ?»

«በርህን ስትደበድብ ቆይታ፣ ‹ልጄ ቀድሞኝ ወጥቷል› ብላ፣ ልትደርስብህ ወደ ደሴ ሮጠች።»