ሰማያዊዎቹ መዝጊያዎች

ወንዝ ዳር ያለችው ከተማችን ስምንት መቶ ዓመት ሞልቷታል፤ አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ማደግ ጀምራለች። አርሜል ፔሪሳክ ዕድሜ ልኳን ዳቦ የሸጠችበት ሱቅ ዛሬ ሳሙና ይሸጥበታል። ሥጋ ቤቱ ሻማ ቤት ሆኗል። ስለዚህ እዚህ ጾሙን የሚያድር ሰው ታጥቦና ሻማ አብርቶ ነው የሚያድረው።

አርሜል ድልድዩ አጠገብ ባለች ጎባጣ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። የመስኮቶቿ የእንጨት መዝጊያዎች ሰማያዊ ናቸው። ባሏ ጋስቶን ነው ከጀልባው በተረፈው ቀለም ውስጡንም ውጩንም የቀባቸው፤ ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ ሲመለስ ቤቱን ከወንዙ ላይ ለመለየት። ጋስቶን ከሞተ ቆየ። ጀልባው ተሸጠ። የቀረው ይህ ሰማያዊ ነው።

በመጋቢት ከንቲባው ዢልቤር መጣ። ልጅ ሳለ የዳቦ ጫፍ በነፃ የምትሰጠው እሷ ነበረች።

«ማዳም አርሜል፣ ውብ ከተሞችን የሚመርጠው ኮሚቴ በሰኔ ይመጣል። መዝጊያዎቹ ግራጫ መሆን አለባቸው። የጥንቱ ቀለም እሱ ነው።»

«ማን ነገረህ? ነበርክ?»

«ባለሙያዎች አጥንተውታል።»

«የጥንት ሰውኮ እጣቢውን በመስኮት ነበር የሚደፋው። እሱንም ልጀምርልህ?»

ዢልቤር ሳቁን ዋጠ። «ጎረቤቶችዎ ሁሉ ቀብተዋል።»

«የቶቹ ጎረቤቶቼ?»

መንገዱ ላይ ያሉት ቤቶች በነሐሴ ብቻ ብቅ የሚሉ የፓሪስ ሰዎች ንብረት ናቸው፤ የቀረውን ዓመት በግራጫ መዝጊያ ተከርችመው ታሪክ ይጠብቃሉ።

«እምቢ ካሉ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ያስቀባዋል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የውጩ ፊት ብቻ ነው። የውስጡን ማን ያይብዎታል?»

አርሜል ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሊፈራ ይገባው ነበር፤ ግን ከንቲባ ነው፣ የተስማማች መሰለው።

በማግስቱ የውጩን ፊት በሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳታስቀር፣ ግራጫ ቀባች። ከዚያ መዝጊያዎቹን ወለል አድርጋ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችና በመንጠቆ ያዘቻቸው። ግራጫው ወደ ግድግዳው ዞረ፣ የውስጡ ሰማያዊ ወደ ወንዙ።

እኛ ዘንድ ሲመሽ መዝጊያ አለመዝጋት በሙታንታ አደባባይ እንደ መውጣት ነው። አርሜል ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘግታ አታውቅም።

ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሯ በመንገዱ ላይ ሰው ያለበት ብቸኛው ቤት ፊት ቆማ «ይኼ ቤት እንዴት ሕይወት አለው!» አለች። ዢልቤር ጆሮው ቀላ። ከተማዋ ማዕረጓን አገኘች፤ ማዕረጉን ለማክበርም የድልድዩን ማማ የሚያበራ ትልቅ መብራት ተተከለ፣ ልክ በአርሜል መኝታ ቤት ትይዩ።

«ማዳም አርሜል፣ እንቅልፍ አይነሳዎትም?» አላት ዢልቤር፣ ተስፋ በሞላው ድምፅ። «ማታ ማታ እንኳ ቢዘጉት።»

«ለምን ብዬ? ጋስቶን እንኳ ሲጨልም ሰማያዊው አይታየውም ነበር» አለችው። «አሁን በማዘጋጃ ቤቱ መብራት ሌሊትም ይታያል።»

ገብታ የጋስቶንን ኮፍያ ዓይኗ ላይ ደፋችና ተኛች።