ባቡር የሄደበት ምስማር

ትናንት የእናቴን የስፌት መኪና መሳቢያ ስበረብር እንደ ወረቀት የሳሳ ምስማር ጣቴን ቧጠጠኝ። በፀሐይ የጋለው ሃዲድ፣ ግራሶውና አቧራው ወዲያው አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ልጆች ሆነን ናዝሬት ውስጥ ምስማር ሃዲድ ላይ አጋድመን በባቡር እናስድጥ ነበር። ትኩሱን አንስተን፣ ድንጋይ ላይ ስለን ቢላዋ እናደርገዋለን። ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ነው። የመሳቢያው ምስማር ግን ለጨዋታ አልተዳጠም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ደረጀ ሽንኩርት ሊገዛ እንደወጣ ታፍሶ ለውትድርና ተወሰደ። እናቴ እህል አልወርድ አላት። በዚያው ሳምንት የሳይንስ አስተማሪያችን ብረት ውስጥ ያሉት አቶሞች፣ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል እንደምንቆመው፣ ተሰልፈው እንደሚኖሩ ነገሩን።

«እጅግ ከባድ ጫና ካረፈበት ሰልፉን ይለውጣል» አሉ።

«ጫናው ሲነሳለትስ ቲቸር?» አልኩ።

«ብረት እንደ ድሮው ይሰለፋል።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሃዲዱ ሮጬ አንድ ምስማር በባቡር አስዳጥኩ። የተዳጠው ምስማር እንደ ድሮው ከሆነ ደረጀ በሕይወት ይመጣል ብዬ ለራሴ ማልኩ። ትራሴ ስር አደረግሁት። ጠዋት ጠዋት አውጥቼ አየዋለሁ። ያው ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቄ፣ እየነፈረቅሁ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት።

«ዋሽተውኛል!»

«ምስማር አኮረፋት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስሚኝ ልጄ፣ ባቡር ለዚያ አይበቃም። የምድር ሆድ ውስጥ ያለው ዓይነት ጫና ይፈልጋል። ይሄ መልኩ ነው የጠፋው። ውስጡ ምንም አልሆነም» ብለው ምስማሩን መለሱልኝ።

ይህ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የፈለግሁት ወንድሜን ነው።

ደረጀ ጦሩ ሲበተን በእግሩ መጣ። እጁም እግሩም ሙሉ፣ ጥርሱም ያው የድሮው ፍንጭት። እናቴ እልል አለች። ከሰዓት ባቡሩ ሲያፏጭ ግን አልጋ ስር ገባ። ተንበርክኬ «ወንድም ጋሼ፣ ይኸው፣ እንዳስተማርከኝ» ብዬ ምስማሩን ሰጠሁት። ብዙ አገላብጦ አየው።

«ይሄን ምን መታው?» አለኝ።

እነሆ ጦርነቱ ካበቃ ቆየ። አፈሳም የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ተገላገልን» ይላል። የሰፈሩ ልጆች ዛሬም ከሃዲዱ ትኩስ ምስማር እየለቀሙ ይንጫጫሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት የደረጀን ቁርስ አቀርብና፣ ያኔ ትራሴን ገልጬ እንደማየው፣ ፊቱን አየዋለሁ።

ያው ነው።