የቨርና ፐርኔል እጅ

ባልቲሞር ውስጥ አብረን በሠራንበት ቤተ ሙከራ እንደ ቨርና ፐርኔል እጁ የረጋ ሰው አልነበረም። ውስጡ እንደ ፍሪዘር በሚቀዘቅዝ ማሽን የአይጥ አንጎል ከፀጉር የቀጠነ አድርጋ ትቆርጥና፣ ቁራጩ ሊጠቀለል ሲል በብሩሽ ጫፍ አባብላ መስታወት ላይ ታስተኛዋለች። ከዚያ ጨረር ያለው መድኃኒት ውስጥ እንነክረዋለን። መድኃኒቱ የሚጣበቀው ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክት የሚቀበሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ተቀባይ እንላቸዋለን። መስታወቱን ፊልም ላይ ደፍተን ሁለት ወር ጨለማ ውስጥ እንተወዋለን። ፊልሙ ሲታጠብ ተቀባዮቹ ያሉበት ጠቁሮ ይወጣል፤ ካርታችን እሱ ነው። ለቨርና ግን ጉም ሲገለጥ ብቅ የሚሉ ደሴቶች ነበሩ። ፊልሙን መብራት ላይ ዘርግታ ዳር ዳራቸውን በዓይኗ ስትዞር ምሳዋን ትረሳለች።

እጇን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ሚስ አይዴላ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ፣ ክሪስፊልድ ላይ ሠላሳ ዓመት የሸርጣን ሥጋ ሲፈለቅቁ የኖሩ ሴት ናቸው። በስተርጅና ፓርኪንሰን ያዛቸውና እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቨርና ቤቷ አመጣቻቸው። እሑድ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ሸርጣን ትፈለቅቅላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ቅርፊት አስበላሽኝ እያሉ ይቀልዱባታል።

አንዱን እሑድ፣ ሲሞቱ አንጎላቸው ለምርምር እንዲሰጥ መፈረማቸውን ነገሯት። ቨርና መብላቷን አቆመች።

«እናንተ ጋ አንጎል የሚቆርጠው ማነው?» አሉ ሚስ አይዴላ።

«እኔ ነኛ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? ባይሆን እንደ ሸርጣኑ እንዳታበላሺኝ።»

መጋቢት ላይ አረፉ። የአንጎላቸው ቁራሽ የመጣበት ሳጥን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ቢሆንም የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። አለቃችን ዶክተር ሊቪትስ ሌላ ሰው እንዲቆርጠው ፈልገው ነበር። እኔም ልሥራልሽ አልኳት።

«ያንተ እጅ ይቸኩላል» አለችኝና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ቆረጠች። አንዳንዴ ለራሷ ታንጎራጉራለች። አንዲት ቁራጭ ተቀደደችባት፤ ያኔ ብሩሹን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ቀጠለች።

ፊልሙ ጨለማ ውስጥ በቆየበት ሁለት ወር በእንቅልፏ እናቷን ታያቸው እንደነበር ነግራኛለች። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በደሴቶቹ መሃል ያልፋሉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

የታጠበውን ፊልም ከጨለማው ክፍል ውሃው ሳይደርቅ ይዛው ወጣች። በሽታው የሚገድለው ዶፓሚን የሚልኩትን ሕዋሶች ነው፤ በሚስ አይዴላ አንጎል ውስጥም ላኪዎቹ አልቀዋል ለማለት ይቻላል። ተቀባዮቹ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ጠቁረው፣ ጥርት ብለው በቦታቸው ነበሩ። ዶክተር ሊቪትስ በሌሎች ሕመምተኞችም ይህንኑ እንዳዩ ቀስ ብለው አስረዷት። የሰማቻቸው አልመሰለኝም።

«መልእክቱን እየጠበቁ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከፊልሙ ሳታነሳ። «ይሄን ሁሉ ዓመት።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ክሪስፊልድ ሄደች። እዚያ ምን ስታደርግ እንደሰነበተች አልነገረችንም። በሳምንቱ ጫማዋ ላይ የባሕር ዳር ረግረግ ጭቃ ደርቆበት ተመለሰች፤ ካፖርቷን ሰቅላ፣ ተራውን የሚጠብቀውን ሳጥን ከፍታ ሥራዋን ጀመረች።